ያማሃ ፒ-45 ጠባሴ ላይ፦ ከማሲንቆ ጋር የሚዘፈን ፒያኖ

ያማሃ ፒ-45ን አብዛኛው ሰው የሚገዛው ልጁን ፒያኖ ሊያስጀምር ነው። የሚጻፉለት አስተያየቶችም ከዚያው አይወጡም፤ ለጀማሪ ይበቃል አይበቃም ብቻ። እኔ የማየው ከሌላ ወገን ነው። ቀን የሒሳብ ሥራ እየሠራሁ ማታ ማታ የራሴን ግጥምና ዜማ የምሠራ፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር ተከራይቼ የምኖር ሰው ነኝ። ዘፈኖቼን የሚመራቸው ፒያኖ ነው፤ ማሲንቆና ዋሽንት ይደግፉታል፤ ከበሮ የለም። ለእንዲህ ያለ ዘፈን ይህ ፒያኖ ይሆናል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ መልሴ፦ ይሆናል፣ ያውም ደህና አድርጎ፤ ግን ክፍሉ ትንሽ እስከሆነ ድረስ። አዳራሽ ያሰበ ሰው ገንዘቡን ቢይዝ ይሻለዋል።

ይህን ዓይነቱን ዘፈን ቻምበር ፖፕ ይሉታል። ዘፈኑ ያው ፖፕ ነው፤ አዝማች አለው፣ ሦስት አራት ደቂቃ ይፈጃል፣ የሚያወራውም ስለ ፍቅርና ስለ ናፍቆት ነው። የሚለየው ከዘፋኙ ጀርባ ባለው ነገር ነው። ጊታርና ከበሮ በሚጮኹበት ቦታ ፒያኖ ይቀመጣል፣ ቫዮሊንና ቼሎ ይገባሉ፣ አንዳንዴም የትንፋሽ መሣሪያ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካና እንግሊዝ የነበሩ የፖፕ ሙዚቀኞች የክላሲክ መሣሪያዎችን ስቱዲዮ አስገብተው ጀመሩት፤ በ1990ዎቹ እንደገና ሲነሣ ስሙም አብሮ ጸና። ዛሬ ይህን መንገድ ከሚከተሉት ብዙዎቹ ትልቅ ኩባንያ ከጀርባቸው የሌለ፣ ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው የሚዘፍኑ ሰዎች ናቸው። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ፍለጋ አልወጣሁም። መንዝ እዚሁ አጠገባችን ነው፤ ማሲንቆ ተጫዋች አይጠፋም።

ወደ ዕቃው ልግባ። ፒ-45 እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ዲጂታል ፒያኖ ነው። እንደ እውነተኛው ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፣ ክብደቱ 11.5 ኪሎ ነው፣ ርዝመቱ ከ1 ሜትር ከ30 በትንሽ ይበልጣል። ፊቱ ላይ ያለው የማብሪያ ቁልፍ፣ የድምፅ መጨመሪያና አንዲት ትንሽ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ስክሪን የለውም፣ መብራት አያብለጨልጭም። ሰርግ ላይ የምናየው ኦርጋን ላይ ዓይኑ የለመደ ሰው «ሪትሙስ የታል?» ብሎ ይጠይቃል። ሪትም የለውም። እኔ መጀመሪያ የወደድኩለት ይሄንኑ ነው። ሪትም ያለው ኦርጋን ፊት ስቀመጥ ዘፈኑ ገና ሳይወለድ ከበሮው ይጀምርና ግጥሜን ወደ ጭፈራ ይጎትተዋል። እዚህ ላይ ካልዘፈንኩና ካልተጫወትኩ ዝም ነው።

የዕቃው ትልቁ ቁም ነገር ቁልፎቹ ናቸው። ከሥራቸው መዶሻ መሰል ክብደት አለ፤ ስትጫኑት ይከብዳል፣ ስትለቁት በራሱ ክብደት ይመለሳል። ወደ ግራ፣ ወደ ወፍራሞቹ ድምፆች በሄዳችሁ ቁጥር ይከብዳል፤ ወደ ቀኝ ሲሄድ ይቀላል። ርካሽ ኪቦርድ ላይ ቁልፉ ስፕሪንግ ብቻ ስለሆነ እንደ በር ደወል ነው፤ ትጫኑታላችሁ፣ ይጮኻል፣ አለቀ። ይሄኛው ግን በቀስታ የተነካውንና በኃይል የተመታውን ይለያል። ለዘፋኝ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዘፈኑ ውስጥ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የማወራ ያህል የምልበት ቦታ ሲደርስ ግራ እጄ አብሮኝ ዝቅ ማለት አለበት፤ እዚያ ላይ ፒያኖው ከጮኸ ቃሉ ይሰጥማል። በፒ-45 ቁልፉን እስከ ታች ሳልመታው ገፋ አድርጌ ብቻ የማወጣት ድምፅ አለች፤ ግማሽ ዘፈኖቼ የቆሙት በእሷ ላይ ነው። ጥቁሮቹ ቁልፎች የማያብረቀርቅ ልባስ አላቸው፤ ጣት ላብ ሲይዘው አያንሸራትቱም። ደብረ ብርሃን ላይ ላብ ብርቅ ቢሆንም።

የቁልፉ ምላሽ በአራት ዓይነት ይስተካከላል፤ ከባድ፣ መካከለኛ፣ ቀላል፣ እና ምንም ልዩነት የማያደርግ። እኔ ከባዱን እመርጣለሁ፤ ጮክ ያለ ድምፅ ለማውጣት በደንብ መምታት ስለሚጠይቅ እጄ እንዳይቸኩል ያደርገዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት፣ ጣቴ ሲደነዝዝ ግን ወደ መካከለኛው እመለሳለሁ። ጓንት ጣቱን ቆርጬ ሞክሬያለሁ፤ አይመከርም።

የግቢው እመቤት ፒያኖውን ለምደውታል። ማታ ጃክ ሰክቼ በጆሮ ማዳመጫ ስጫወት ስፒከሩ ይጠፋል፣ ለእኔ ብቻ ይሰማል። አንድ ማታ በር ላይ ቆመው ያዩኝና «ምነው ልጄ፣ ድምፅ የሌለው እንጨት ምን ትጠፈጥፊያለሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መዶሻ መሰሉ ነገር ድምፅ ባይኖርም ቧ ቧ ይላል፤ ግድግዳው የጭቃ ሆኖ ወለሉ ጣውላ ከሆነ ደግሞ ታች ያለ ጎረቤት ይሰማዋል። እኔ ከስታንዱ እግሮች ሥር ወፍራም ጨርቅ አነጠፍኩ፣ ቀነሰ። በሁዳዴ ደግሞ ያለ ጆሮ ማዳመጫ አልነካውም። እትዬ ባይናገሩም ፊታቸው ይናገራል፤ ጾም ገብቶ ከግቢያቸው ዘፈን ሲወጣ ጎረቤት ምን ይላል። ጃኩ ባይኖረው ኖሮ በየዓመቱ ሁለት ወር ያህል ባዶ እጄን እቀመጥ ነበር።

ድምፆቹን ልቁጠርላችሁ፤ አሥር ናቸው። ሁለት ግራንድ ፒያኖ፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ዓይነት ኦርጋን (የፈረንጆቹን ማለቴ ነው)፣ ሁለት ሃርፕሲኮርድ (ክሩ እየተነጠቀ የሚጮኽ የድሮ ፒያኖ መሰል መሣሪያ)፣ አንድ ቫይብራፎን (የብረት ዘንጎቹ እየተመቱ የሚጮኽ)፣ አንድ ስትሪንግስ (እንደ ቫዮሊን ያሉ የክር መሣሪያዎች አንድ ላይ)። እኔ የምጠቀመው የመጀመሪያውን ግራንድ ፒያኖ ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ሃርፕሲኮርዱን፣ ምክንያቱም ክራር የተመታ የሚመስል ጫፉ ሹል የሆነ ድምፅ አለው፤ ባቲ ለሚባለው የዜማ ቅኝት ይሆናል።

ስትሪንግሱን ግን ተዉት። ሁለት ድምፅ ደርቦ ማጫወት ስለሚቻል ብዙ ሰው የሚፈተነው እዚህ ነው፤ ፒያኖ ላይ ስትሪንግስ ይደርብና «ኦርኬስትራ ሆነ» ይላል። አልሆነም። ከፒያኖው ሥር ያለ ማቋረጥ የሚነፋ አንድ ዓይነት ጭጋግ ነው የሆነው። የክር መሣሪያ በዘፈን ውስጥ ሥራው ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ መግባት፣ ቃሉ ሲመጣ መሸሽ፣ ስንኙ ሲያልቅ መመለስ ነው። ይህንን አንድ ፀጉር ክር ያላት ማሲንቆ ከዚህ ፒያኖ ስትሪንግስ እጥፍ ድርብ አድርጋ ትሠራዋለች። አብሮኝ የሚጫወተው ሽማግሌ ከመንዝ የመጡ ናቸው፤ ሰርግና ተዝካር ላይ ሲጫወቱ ኖረዋል። ስትሪንግሱን ላሰማቸው ብዬ ስጫን «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚተነፍሰው?» አሉ።

ከእሳቸው ጋር መጫወት ስንጀምር ነው የፒያኖው እውነተኛ ፈተና የመጣው። ማሲንቆ ግድ የለውም፤ ክሩን አጥብቆ ወይ አላልቶ ወዳለሁበት ይመጣል። ፒያኖው ግን ቁልፎቹ የተቆረጡ ናቸው። ትዝታ በሚባለው ቅኝት ላይ ችግር የለም፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብላችሁ ነጭ በነጩ ትሄዳላችሁ። አምባሰል ላይም ችግር የለም። አንቺሆዬ ላይ ስንደርስ ግን ሽማግሌው ቆሙና «ይቺ ልጅ ትንሽ ከፍ ብላለች» ብለው በቀስታቸው ጫፍ አንዱን ጥቁር ቁልፍ ጠቆሙኝ። እሳቸው የሚመቱት ድምፅ ከሁለት ቁልፍ መሐል ነው ያለው። ያንን በፒያኖ ማውጣት አይቻልም፤ በተለመደው መንገድ የተቃኘ ፒያኖ፣ በሚሊዮን የሚሸጠውም ቢሆን፣ የተሠራው እንዲያ ነው። መፍትሔው ያቺን ድምፅ ፒያኖው እንዳይነካት ማድረግ ሆነ። አንቺሆዬ ስንዘፍን እኔ ዶና ፋን ይዤ እቀመጣለሁ፤ የሚያጓጓውን ድምፅ ማሲንቆውና ድምፄ ይወስዱታል። እንዲያውም ዘፈኑ አማረበት። ፒያኖ ሁሉን ነገር ካልተናገርኩ ሲል ነው የሀገር ቤት ዜማ የሚበላሸው።

ዋሽንቱ ሌላ ጣጣ ነው። የዋሽንት ተጫዋች ቅኝትና ድምፅ ሲለወጥ ዋሽንት ይለውጣል እንጂ ዋሽንቱን አይቃኝም፤ ለዚህ ነው በጨርቅ ጠቅልሎ ብዙ የሚይዘው። በዚያ ላይ ብርድ አለ። ቀዝቃዛ አየር ውስጥ የትንፋሽ መሣሪያ ድምፁ ይወርዳል፣ ክፍሉ ሲሞቅ ይወጣል። የእኛው ልጅ በጥዋት ልምምድ ዋሽንቱን ጋቢው ውስጥ ከቶ ነው የሚመጣው፤ ያም ሆኖ ከፒያኖው ትንሽ ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ ፒ-45 አዳነን። አጠቃላይ መቃኛው ከተለመደው 440 ኸርዝ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ተነሥቶ እስከ 414.8 ይወርዳል፣ እስከ 466.8 ይወጣል፤ እርምጃውም በጣም ደቃቅ ነው፣ 0.2 ኸርዝ ገደማ። ያቺን አንዷን ትንሽ ቁልፍ ይዛችሁ የተወሰኑ የፒያኖ ቁልፎችን እየተጫናችሁ ነው የምታስተካክሉት። ስክሪን ስለሌለ የት እንደደረሳችሁ የሚነግራችሁ ጆሯችሁ ነው። መመሪያ ወረቀቱን አትጣሉት፤ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ ዕቃው ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

ሙሉውን ዘፈን በግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ወደ ታች ማንሣትም ይቻላል። ጉንፋን ሲይዘኝ እጄ በለመደው ቦታ እየተጫወተ ዘፈኑ አንድ ድምፅ ይወርድልኛል። እንደ እኔ በራሱ የተማረ ሰው ይህን ይወደዋል፤ የተማሩት ይስቁብናል።

አንድ ዘፈን ቀረብ ብለን እንይ። አምባሰል ላይ የጻፍኳት ናት፤ መግቢያዋ እንዲህ ይላል፦

ውርጭ መታው አሉ የጠባሴን ባቄላ፣
እኔም ደርቄያለሁ አንተ ከሄድክ ኋላ።

አምባሰል ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። የምዕራቡን የሙዚቃ ትምህርት ቀመስ ያደረገ ሰው ወዲያው ዶ ላይ ሙሉ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ሦስት ድምፆች፣ ሊያስቀምጥ ይፈልጋል፤ ሚ ወይም ሚ ፍላት ይጨምራል። ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም። ጨመራችሁት ማለት አምባሰሉ ሄደ። ቅኝቱን ሳይለቁ የሚገኙ ሙሉ ኮርዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ላ ፍላት፤ ሌላው ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶ። ስለዚህ «ውርጭ መታው አሉ» ስል ግራ እጄ ዶንና ሶልን ብቻ ይዞ ባዶውን ይቆያል፤ ብርድ ብርድ ይላል። «ባቄላ» ላይ የሬ ፍላቱ ኮርድ ይገባል፤ ፊት የበራ ያህል ይሆናል፣ ግን ማረፊያ አይደለም። «ደርቄያለሁ» ላይ ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶ፤ እዚያ ላይ ነው ማሲንቆው የሚገባው። «ኋላ» ላይ ሁላችንም ዶ ላይ እንወድቃለን፤ ፔዳሉን እንደያዝኩ ድምፁ እስኪሞት እጠብቃለሁ። ፒ-45 ግራ በኩል ያሉት ወፍራም ድምፆች ቶሎ አይሞቱም፤ ማሲንቆው የመጨረሻዋን ጭረት አውጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ፒያኖው ሥሩ ይቆያል። ዕቃውን የገዛሁት ለዚህች ለአምስት ሰከንድ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ፔዳል ካነሣሁ፤ አብራው የምትመጣው ትንሽ የፕላስቲክ ፔዳል ቀላል ስለሆነች ሲሚንቶ ላይ ትሸሻለች። ዘፈኑ መሐል እግሬ ሲከተላት ራሴን ከወንበሩ ጫፍ ላይ አገኘዋለሁ። ከሥሯ የጎማ ቁራጭ ለጥፌ ከስታንዱ ጋር በገመድ አሰርኳት። ገንዘብ ያለው ከበድ ያለውን ፔዳል ለብቻ ይግዛ። ሌላው ነገር፣ ዕቃው በአንድ ጊዜ ማሰማት የሚችለው እስከ 64 ድምፅ ነው። ብዙ ይመስላል፤ ፔዳል ይዛችሁ በሁለት እጅ ላይ ታች ከሮጣችሁ ግን መጀመሪያ የመታችሁት ሳታስቡት ይቆረጣል። ሁለት ድምፅ ደርባችሁ ከሆነ ቶሎ ትደርሱበታላችሁ። የቾፒንን የክላሲክ ፒያኖ ሥራዎች ለሚያጠና ተማሪ ይህ ቅሬታ ነው። እኔ በአንድ ስንኝ ከአሥር ድምፅ በላይ ስለማልመታ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ስፒከሩ ላይ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ሁለት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 6 ዋት፤ ድምፁም የሚወጣው ወደ ታች ነው። ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት አፉን ይዛችሁ የምታስወሩት ሰው ይመስላል። ከሥሩ ክፍት የሆነ ስታንድ ያስፈልገዋል፤ እኔ ለአናጺ ልኩን ሰጥቼ በባሕር ዛፍ እንጨት ኤክስ አሠርቻለሁ፣ አይነቃነቅም። ሳሎን ውስጥ ሃያ ሰው ያህል ተቀምጦ እኔ ያለ ማይክ ስዘፍን፣ ማሲንቆው አጠገቤ ሆኖ፣ ይበቃል፤ ከበቂም በላይ ነው። ሦስታችን እኩል እንሰማለን። ቡና ቤት ውስጥ፣ ስኒ በሚንኳኳበትና ሰው በሚያወራበት ቦታ ግን ፒያኖው ይጠፋና ማሲንቆው ብቻውን ይቀራል። ከትልቅ ስፒከር ጋር ማገናኘት የፈለገ ሰው ለዚያ የተዘጋጀ መውጫ የለውም፤ ያው የጆሮ ማዳመጫው ጃክ ነው ያለው። እሱን ሲሰኩ ደግሞ የራሱ ስፒከር ስለሚጠፋ የምትጫወቱትን ከትልቁ ስፒከር እየሰማችሁ ነው የምትጫወቱት።

ክፍሉን ማስተካከል ከዕቃው ይልቅ ለውጥ አመጣልኝ። የእኔ ክፍል ሲሚንቶ ወለል፣ ባዶ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ከፍ ያለ ድምፅ ሲመታ ሁሉም ይጮኻል። እናቴ ከመሐል ሜዳ የላከችልኝን የመንዝ ባና ከፒያኖው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። የበግ ፀጉር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ጩኸቱን ዋጠው። ከስቱዲዮ ስፖንጅ ይሻላል፤ ሌሊት ሲከፋም ወርዶ ይለበሳል።

ቀረጻ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዩኤስቢው ላይ ነው። ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ዩኤስቢ አለው፤ በእሱ የሚያልፈው ግን ድምፅ አይደለም፣ የትኛው ቁልፍ መቼና በምን ያህል ኃይል እንደተመታ የሚገልጽ ሚዲ ነው። ድምፁን ኮምፒውተር ላይ ያለ ፕሮግራም ነው የሚያወጣው። ዕቃው ውስጥ ራሱ የሚቀዳበት ነገርም የለም። እኔ ከብዙ ሙከራ በኋላ ያረፍኩት ቀላሉ ላይ ነው፤ ስልኬን ወንበር ላይ አድርጌ፣ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ተጫውተን በአንድ ጊዜ መቅዳት። የቁልፉ ቧ ቧ ይገባል፣ የማሲንቆው ቀስት ሲዞር ይሰማል፣ ከውጭ ዶሮ ይጮኻል። ፒያኖ እጫወታለሁ ስል «እንደ እማሆይ ጽጌማርያም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። በፍጹም፤ የፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እጅ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላ ግን ድሮ ቤታቸው ውስጥ በቴፕ ቀድተዋቸው የነበሩ፣ ፒያኖ እየመቱ በራሳቸው ድምፅ የዘፈኗቸው ዜማዎች በ2024 ወጥተዋል። እነሱን የሰማ ሰው የቤት ቀረጻ ነው ብሎ በእኔ ዶሮ አይስቅም።

መብራት። ዕቃው ባትሪ አይወስድም፤ መብራት ጠፋ ማለት ፒያኖ ጠፋ ማለት ነው። እኔ ለኮምፒውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ) ላይ ነው የሰካሁት፤ የልምምዳችንን ቀሪ ሰዓት ይይዛል። አዳፕተሩ 12 ቮልት ነው። ዋናው አዳፕተር የመጀመሪያ ባለቤቱ ጋ ቀርቶብኝ አንድ ሱቅ «ያው ነው፣ ይሆናል» ብሎ የሸጠልኝ ከፒያኖው ጋር ሲሰካ ይዝ የሚል ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሸተተና ሞተ። ደግነቱ ፒያኖውን ይዞት አልሄደም። አዳፕተር ላይ አትቆጥቡ። በነገራችን ላይ ሠላሳ ደቂቃ ካልተነካ ራሱን ያጠፋል፤ ግጥም እያሰባችሁ ስትቆዩ ጠፍቶ ብታገኙት አልተበላሸም።

ሌላው የደጋ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በውርጭ ጥዋት ፒያኖ ተሸክማችሁ ወደ ሞቀ ክፍል ስታስገቡ ውስጡ ላብ ይቋጥራል። ወዲያው አታብሩት፤ ከሸራው ሳይወጣ ለጥቂት ሰዓታት ይቆይ። ኩበት የሚነድበት ክፍል ውስጥም ክፍቱን አትተዉት፤ ጭሱ ቁልፎቹ መሐል ይገባል።

ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል። ያገለገለ ከሆነ ከደህና ላፕቶፕ ዋጋ ብዙ አይርቅም። እኔ አዲስ አበባ ከአንድ ወደ ውጭ ከሚሄድ ሰው ነው የገዛሁት። ማምጣቱ የራሱ ታሪክ ነበር፤ ላምበረት መናኸሪያ ላይ ረዳቱ ከላይ እንጫነው አለ፣ እኔ አይሆንም አልኩ፣ የሁለት ሰው ወንበር ከፍዬ በጎኑ አቁሜው መጣሁ። 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሸኖ ላይ አንዲት እናት «ሬሳ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ጣሪያ ላይ አትጫኑት፤ መንገዱ ደህና ቢሆንም ቁልፎቹ ከሥራቸው ለብዙ መንገጫገጭ የተሠሩ አይደሉም።

እውነተኛውን ፒያኖ ለምን አልገዛሽም የሚሉኝም አሉ። 230 ገደማ ሽቦ አለው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል መቃኘት ይፈልጋል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ክረምቱ እርጥብ፣ በጋው ደረቅ ስለሆነ ከዚያም በላይ ይፈልግ ይሆናል። ቃኚ ከአዲስ አበባ ማምጣት ነው። አልችለውም። ከዲጂታሎቹ መሐል ደግሞ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ2023 ፒ-145 የሚባለውን በፒ-45 ቦታ አውጥቷል፤ ቁልፉ ሌላ ዓይነት ነው፣ ሰውነቱም ቀጠን ያለ ነው። አዲስ የሚገዛ ሰው እሱን ይሞክር። ያገለገለ የሚፈልግ ግን ገበያው ላይ የሚያገኘው ፒ-45ን ነው፤ አይፈር።

ስትገዙ ይህን አድርጉ፤ ሻጩ ቢቸኩልም አትቸኩሉ። 88ቱንም ቁልፍ አንድ በአንድ በቀስታ ተጫኑ፣ ቀጥሎ በኃይል። በቀስታ ሲነካ ዝም የሚል ወይም ብቻውን የሚጮህ ካለ ከሥሩ ያለው የንክኪ ጎማ ደክሟል፤ ይጠገናል፣ ግን ዋጋው ላይ ተከራከሩበት። በብዛት የሚደክሙት መሐል ያሉት ናቸው። ፔዳሏን ሰክታችሁ እየያዛችሁ ልቀቁ፤ ድምፁ በትክክል መቆረጥ አለበት። የጆሮ ማዳመጫውን ጃክ ሰክታችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ አንድ ጆሮ ላይ የሚጠፋ ከሆነ ተዉት፣ ለእኛ ዓይነት ሰው ከቁልፉ እኩል የሚያስፈልግ ነገር ነው። አዳፕተሩ የራሱ መሆኑን፣ 12 ቮልት መሆኑን አንብቡ። የኖታ ማስቀመጫዋንም ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ትጠፋለች፣ ግጥማችሁን የምታስቀምጡት እዚያ ላይ ነው። ማሲንቆ ተጫዋች ካላችሁ ደግሞ ይዛችሁት ሂዱ፤ ሻጩ ፊት አንድ አምባሰል አብራችሁ ሞክሩና ፒያኖው ከእሱ ጋር የሚስማማ መሆኑን እዚያው እወቁት።